ደምህ ጥሩ ነበር አልኩት

ወንድሜ ከሞተ ስምንት ወሩ ነው። ሊያጽናናኝ የመጣ ሰው ሁሉ ገና በሩን ሳያልፍ «ምን ይደረግ፣ ቀኑ ደርሶ ነው» ይለኝ ነበር። እኔም አንገቴን እየነቀነቅኩ አመሰግናለሁ። ቀኑ አልደረሰም። ገና አርባ ስድስት ዓመቱ ነበር። ቀኑን ጎትተው ካመጡት ሰዎች አንዷ እኔ ነኝ። ይህንን በአፌ ብናገር «ሐዘኑ ነው የሚያስለፈልፋት» ብለው ውሃ ያመጡልኛል እንጂ የሚሰማኝ የለም፤ ስለዚህ ልጻፈው።

ሥራዬ ላቦራቶሪ ውስጥ የሰው ደም መመርመር ነው። ሐኪም አይደለሁም፣ በሽተኛም አላይም። ደሙ በትንንሽ ብልቃጥ ተሞልቶ፣ ቁጥር ተለጥፎበት፣ በበረዶ ሣጥን ይመጣል። የማን እንደሆነ አላውቅም፤ እንዳላውቅ ተብሎ ነው ስም የማይጻፍበት። ያን ጊዜ የያዝነው ጥናት ኤችአይቪ በደማቸው ስላለና መድኃኒታቸውን ለዓመታት በሥርዓት ስለወሰዱ ሰዎች ነበር። ሲመረመሩ ቫይረሱ አይታይም። ክሊኒካቸው «እንደማንኛውም ሰው ናችሁ» እያለ ይሸኛቸዋል። አንዳንዶቹ ግን እንደማንኛውም ሰው አይደሉም። ቫይረሱ ተኝቶ ሰውነታቸው አልተኛም። የበሽታ መከላከያቸው እንደነቃ፣ እንደተቆጣ ዓመት ከዓመት ይከርማል፤ ቁጣው ደግሞ የሚያርፈው በራሳቸው ላይ ነው፣ በደም ሥራቸው፣ በልባቸው፣ በኩላሊታቸው። እኔ የምለካው ያንን ቁጣ ነበር። ዘጠና ስድስት ጥቃቅን ጉድጓድ ባለው የፕላስቲክ ፕሌት ላይ ከደሙ የጠለለውን ውሃ ጠብ ጠብ አደርጋለሁ፣ ኬሚካሉን እጨምራለሁ፣ ብጫ ይሆናል። ብጫው በደመቀ ቁጥር የሰውየው ሰውነት በውስጡ እየተቆጣ ነው ማለት ነው። ማሽኑ ቁጥሩን ያወጣል፣ እኔ እመዘግባለሁ። «ሳይቃጠል በቅጠል» የሚለው ተረት ለእኛ ቤት አልተሠራም፤ እኛ ቃጠሎውን ለክተን ፋይል ውስጥ የምናስቀምጥ ሰዎች ነን።

ሥራው አሰልቺ ነው። ቀኑን ሙሉ ጠብታ ስትቆጥር የምትውል ሴት ቀልድ ካላገኘች ታብዳለች። ስለዚህ ለየት ያለ ውጤት ላለው ቁጥር ስም እናወጣለን። ይህን ያስጀመረው የሥራ ባልደረባዬ ጓንቴ ነው፤ ሻይ ሲጠጣ እንኳ ጓንቱን ስለማያወልቅ እኔ ያወጣሁለት ስም ነው። ውጤቱ ከዓመት ዓመት ንቅንቅ የማይለውን «ሐውልቱ» አልነው። አንዴ ከፍ አንዴ ዝቅ የምትለዋ «ወይዘሮ ኩርፊያ» ሆነች። አራት መቶ አሥራ ሰባት ቁጥር መጀመሪያ የመጣ ቀን ጉድጓዱ ከሁሉም ደምቆ ሲወጣ ጓንቴ ፕሌቱን ወደ መስኮቱ ብርሃን አነሳና «ይሄ ሰውዬ ምድጃ ነው፣ ሻይ ይጣድበታል» አለ። ምድጃ ሆኖ ቀረ። በየስድስት ወሩ ሣጥኑ ሲመጣ «ምድጃችን እንዴት ከርሟል?» እንባባላለን። እኔ አልሳቅሁም ብዬ ብጽፍ ደስ ይለኝ ነበር። ከጓንቴ እኩል ሳቅሁ፤ ቀድሜ የጠየቅሁበትም ጊዜ አለ።

ምድጃ ወንድሜ ነበር። ያን ጊዜ አላውቅም፤ አንባቢ ግን ከአሁኑ ይወቀው። ሰውን ሲያጓጉ ቆይቶ መጨረሻ ላይ ዱብ ማድረግ አልወድም፤ እኔ ራሴ ላይ ዱብ ሲል ምን እንደሚመስል አይቼዋለሁ።

ወንድሜ በዘጠኝ ዓመት ይበልጠኛል። አባታችን ሲሞት እሱ አሥራ ሰባት፣ እኔ ስምንት ነበርን፤ ትምህርቱን አቋርጦ ሊፍት የሚጠግን ሰው ዘንድ ሥራ ገባ። እኔን ያስተማረኝ እሱ ነው። «ጋሼ» እለዋለሁ፣ «ሚጣ» ይለኛል፤ ሠላሳ ሰባት ዓመቴን ይዤም ሚጣ ነኝ። ሊፍት ጠጋኝን ሰው ሁሉ ያለ ደረጃ የሚኖር ይመስለዋል። ነገሩ ተቃራኒው ነው። ሊፍቱ የሚጠገነው ሲቆም ነው፤ ሞተሩ ደግሞ ያለው ከጣሪያው ሥር ነው። ስለዚህ የብረት መሣሪያ ሣጥኑን ተሸክሞ ስምንት ዘጠኝ ፎቅ በእግሩ ይወጣል። «በከተማው ሊፍት የማይጠቀም ሰው እኔ ብቻ ነኝ» እያለ ይስቃል።

ሚስቱ ከሄደች ወዲህ ብቻውን ነበር የሚኖረው። ቅዳሜ ቅዳሜ ምሳ ምግብ ቤት እንገናኝና ከአንድ ሳህን እንበላለን። አንድ ቅዳሜ እጅጌውን ሰብስቦ ሲታጠብ ክንዱ መታጠፊያ ላይ ፕላስተር አየሁ። ምን ሆነህ ነው ስለው ደም ሰጥቼ ነው አለኝ። እኔ የደም ሠራተኛዋ «ጎበዝ፣ ሌላውም እንዳንተ በሆነ» ብዬ አመሰገንኩት። ዓይን ዓይኔን አየኝ። አንድ ነገር እንድጨምር የሚጠብቅ መሰለኝ። የራበው መስሎኝ አስተናጋጁን ጠራሁ።

ጥናቱ በጀመረ በሦስተኛው ዓመት ወንድሜ ደረጃ ላይ ማረፍ ጀመረ። አራተኛ ፎቅ ሲደርስ ደረቴን ጨምደድ ያደርገኛል አለኝ። ሲጋራህን ተው አልኩት። «አንቺ ካልሽ እተዋለሁ» አለ፤ አልተወም። ከዚያ ያለፈ አልጠየቅሁትም። አሁን እንደገባኝ እሱ ደግሞ ካልጠየቀችኝ ምንም የለብኝም ማለት ነው ብሎ ነበር።

በዚያው ዓመት የምድጃ አምስተኛ ናሙና መጣ። ማሽኑ ከሚለካው በላይ ሆነ። ደንቡ ናሙናውን በፈሳሽ አቅጥኖ እንደገና መሥራት ነው። አቀጠንኩት፤ አሁንም በላይ ነው። ሦስተኛ ጊዜ መሥራት ነበረብኝ፤ እሱ ደግሞ ሌላ ሦስት ሰዓት ነው። ቅዳሜ ነበር፣ ወንድሜ ለምሳ እየጠበቀኝ ነበር። በማስታወሻው ዓምድ ላይ «ናሙናው በመንገድ ሙቀት አግኝቶት ሳይበላሽ አልቀረም» ብዬ ጻፍኩ። ጓንቴ ሳያነበው ፈረመ። ሁለት ፊርማ ያረፈበት ነገር እኛ ዘንድ እውነት ነው። ካፖርቴን አንስቼ ወጣሁ። ያን ቀን ወንድሜ ደስ ብሎት ብዙ አወራ።

አንድ ማክሰኞ ጠዋት አራት ሰዓት ላይ ስልክ ተደወለልኝ። አንድ መድን ድርጅት ሕንጻ ውስጥ በስድስተኛውና በሰባተኛው ፎቅ መካከል ደረቱን ይዞ ወድቆ ዘበኞች አንስተውታል። ሆስፒታል ስደርስ ሐኪሟ፣ ልጅ እግር ናት፣ ልቡን የሚመግበው የደም ሥር ተዘግቶ እንደነበረ፣ በቀጭን ሽቦ ከፍተው ትንሽ የብረት ቱቦ እንዳስገቡለት፣ በአንድ ቃል እንደተረፈ ነገረችኝ። የሚወስደው መድኃኒት አለ ወይ አለችኝ። የለም አልኩ፤ በሙሉ ልቤ። ከዚያ የሥራ ጃኬቱን ከነመሣሪያ ቅባቱ በላስቲክ ከረጢት ሰጡኝ፤ የቀበሌ መታወቂያውን ስፈልግ ከውስጥ ኪሱ አንድ የክኒን ብልቃጥና አንድ ካርድ አገኘሁ። ክኒኑን ገና ሳየው አወቅሁት። ካርዱ ላይ የላቦራቶሪያችን ማኅተም አለ፤ ከማኅተሙ ሥር በእስክሪብቶ አራት መቶ አሥራ ሰባት።

ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው ይላሉ። ስለ እሱ ደም ያላወራ የላቦራቶሪ ሰው አልነበረም፤ ያልሰማው እሱ ብቻ ነው። መጀመሪያ የመጣብኝ ንዴት ነው። እኔን! እኔን ይደብቀኛል? ከዚያ ጓንቴ ፕሌቱን ወደ መስኮቱ ሲያነሳ ትዝ አለኝና ኮሪደሩ ላይ ካለው አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀመጥኩ። ሐኪሟን ፈልጌ ብልቃጡን አሳየኋት። ይህን ማወቅ ነበረብን አለችኝ።

በሦስተኛው ቀን መናገር ጀመረ። ስድስት አልጋ ያለው ክፍል ነው፤ የእሱ በመስኮቱ በኩል ነበር። ካርዱን ቦርሳዬ ውስጥ ሊያይ አይገባውም ነበር፤ መሐረብ ስፈልግ አየው። አልደነገጠም። ደንግጦ ቢሆን ኖሮ ይህ ሁሉ አይመጣም ነበር።

«ካርዱን ምን ያስደብቅሻል» አለኝ። «ከአንቺ የሚደበቅ ነገር አለ እንዴ? ሦስት ዓመት ደሜ በእጅሽ ሲያልፍ።»

ስሙ ብልቃጡ ላይ የተጻፈ መስሎት ነበር። ለጥናቱ ደም የምትቀዳው ነርስ ደሙ ወደ እኔ ላቦራቶሪ እንደሚሄድ ብትነግረው ነው እሺ ያለው። በአፉ ሊነግረኝ ዓመታት ሞክሮ አቅቶት፣ ደሜ ይንገራት ብሎ ነው የገባው። ያን ፕላስተርም እያወቀ ነው ያልሸፈነው። ለምን አቃተህ አልኩት፣ ድምፄ ራሴን አስጠላኝ።

«እናታችን ቤት የነበረችው ተከራይ ትዝ ትልሻለች? ያቺ ያመማት። ውሃ የጠጣችበትን ብርጭቆ ስትቀቅዪው በር ላይ ቆሜ አየሁሽ። እኔ ውጤቴን የሰማሁት በዚያ ሳምንት ነው።»

አሥራ አራት ዓመት አልፎታል። የላቦራቶሪ ተማሪ ነበርኩ። ኤችአይቪ በብርጭቆ እንደማይተላለፍ ተፈትኜበት ሙሉ ነጥብ ነው ያመጣሁት። ብርጭቆውን ግን ቀቀልኩት።

«አሁን እሱ አልፏል» አለ ወንድሜ። «አውቀሽም ዝም ብለሽ ከእኔ ጋር ከአንድ ሳህን ስትበዪ ይቅር ብዬሻለሁ። አንድ ቀን ፊትሽ ሳይለወጥ! እኔ እንኳ አልችለውም።» «እና ደሜ እንዴት ነበር?» አለኝ።

ሁለት እውነት ነበረኝ፣ ሁለቱም አይነገሩም። መጥፎ ነበር ካልኩት ለምን አልነገርሽኝም ሊል ነው። ያንተ መሆኑን አላውቅም ነበር ካልኩት ያ ይቅር ያለኝ ሳህን ባዶ ሊሆን ነው። ደግሞ ይቅርታው ጣፋጭ ነበር፤ አልዋሽም፣ ልመልሰው አልፈለግሁም። ዓይን ዓይኑን እያየሁ ደምህ ጥሩ ነበር አልኩት።

«አውቄያለሁ» አለና ዓይኑን ጨፈነ። «ቢከፋ ዝም አትይም ነበር።»

ከአፍ ከወጣ አፋፍ።

ከሆስፒታል ሲወጣ ሐኪሟ አራት ዓይነት መድኃኒት አዘዘችለት። ለሁለት ወር ደረጃ የሚባል ነገር እንዳይረግጥ ነገረችው። እኔን ደግሞ ለብቻዬ ነጥላ «እነዚህን ካልወሰደ ያስገባነው ቱቦ ይደፈናል፤ ያኔ አንደርስለትም» አለችኝ። መድኃኒቶቹን ገዝቼ ቤቱ መሳቢያ ውስጥ አስቀመጥኩለት። በሳምንቱ ስሄድ እሽጋቸው አልተነካም። ወንድሜ መድኃኒት የሚጠላ ሰው አይደለም፤ ለቫይረሱ የሚወስዳትን ክኒን በአሥራ አራት ዓመት አንድ ቀን አላዛነፋትም። ችግሩም እሷው ነበረች። «እዚህ ያደረሰችኝ ይቺ ናት፤ ከማላውቃቸው አራት ጋር አላጋጫትም» አለ። አይጋጩም፣ ሐኪሟ አይታቸዋለች ስለው ሳቀብኝ። «ለሐኪሟ እኔ በሽተኛ ነኝ። አንቺ ነሽ ደሜን ያየሽው። የዚያን ቀን ድካም ነው የጣለኝ።» በራሴ ቃል ነበር የሚከራከረኝ። በሦስተኛው ሳምንት ሥራ ገባ።

ልናገር ወሰንኩ። በባዶ አፍ አያምነኝም ብዬ ግን መጀመሪያ ወረቀቱን ልይዝ ላቦራቶሪ ገባሁ። ሠንጠረዡን ከፍቼ ወረድኩ፣ ወረድኩ። አራት መቶ አሥራ ስድስት፤ ቀጥሎ አራት መቶ አሥራ ስምንት። አንድ ናሙናው የተበላሸበት ተሳታፊ ሙሉ በሙሉ ከሒሳቡ ይወጣል፤ ደንቡ ነው። የአምስቱም ጊዜ ውጤት በእኔ አንድ መስመር ማስታወሻ ተሰርዟል።

ኃላፊያችን ዘንድ ገብቼ ሁሉንም ተናገርኩ። መነጽሩን አውልቆ ረጅም ጊዜ ጠረገው። ክፉ ሰው አይደለም። የድሮ ውጤቶቹ ተፈልገው እንዲሰጡኝ ጥያቄዬን በጽሑፍ እንዳቀርብ ነገረኝ፤ የጥናቱ ኮሚቴ በወሩ መጨረሻ ይሰበሰባል፤ የተሳታፊ ማንነት ስላወቅሁ ደግሞ ከዛሬ ጀምሮ ከጥናቱ መውጣት አለብኝ። ለምን አንዴ እንኳ አልነገርናቸውም አልኩት።

«ምን ብለን?» አለኝ። «ቁጣውን የሚያበርድ መድኃኒት በእጃችን ሳይኖር ሰውነትህ ነዷል ብለን እንሸኘው? ልብህን ጠብቅ ማለት ለሁሉም ይባላል።»

ትክክል ነበር፤ ያቃጠለኝም ትክክል መሆኑ ነው። ለሁሉም የሚባለውን ወንድሜ እንደሆነ ለሁሉም የተባለ ነው ብሎ አልፎታል። ለእሱ ብቻ እንዲባል ነበር ደሙን ወደ እኔ የላከው።

በማግስቱ ጠዋት የሚሠራበት ሕንጻ ሄድኩ። አንድ መሥሪያ ቤት ነው፤ የሊፍቱ በር ላይ «አይሠራም» የሚል ወረቀት በፕላስተር ተለጥፏል፣ ከፊቱ ባለጉዳዮች እያጉረመረሙ ወደ ደረጃው ይሄዳሉ። ወንድሜ ሣጥኑን እግሩ ሥር አድርጎ የወለሉን ሽቦዎች ያይ ነበር። ጎትቼ ወደ ጥግ ወሰድኩት። ለሊፍት ሠራተኛ በሊፍት ነው የሚነገረው ብዬ መንገድ ላይ ሳዘጋጀው የመጣሁትን አወጣሁ። ፍሬኑ ሙሉ በሙሉ ሳይለቅ የሚሄድ ሊፍት አስብ አልኩት፤ ይወጣል፣ ይወርዳል፣ ተሳፋሪው ምንም አያውቅም፣ ውስጥ ውስጡን ግን እየተፋቀ ያልቃል። ያንተ ሰውነት እንደዚያ ነው። ቫይረሱ ቆሟል፣ ፍሬኑ አለቀቀም።

በደንብ ሰማኝ። ሥራውን ያወቅሁለት መስሎት ፈገግ አለ። «እንደዚያ ያለ ሊፍት እኮ ይሸታል ሚጣ። ገና በሩ ሲከፈት ነው የማውቀው። እኔ አልሸተተኝም።»

«እኔን ሸትቶኛል። ሦስት ዓመት ሙሉ። ሆስፒታል ዋሽቼህ ነው።»

ሳቀ። «ክኒኑን እንድውጥልሽ ነው ይሄ ሁሉ?»

ያን ጊዜ ሁሉንም ዘረገፍኩት። ስም እንደሌለበት፣ ቁጥር ብቻ እንደሆነ፣ ካርዱን ከኪሱ እስካወጣሁበት ቀን ድረስ ምንም እንደማላውቅ። ናሙናው ተበላሽቷል ብዬ የጻፍኩት ወደ እሱ ምሳ ስቸኩል እንደነበረ። ምድጃ እያልን እንደሳቅንበት እንኳ አልደበቅሁም። ይህን ካልነገርኩት አያምነኝም ብዬ ነበር። ፈገግታው ከፊቱ ላይ ቀስ እያለ ሄደ። እጁን በጨርቅ መጥረግ ጀመረ፤ ንጹሕ ነበር፣ ግን ጠረገው።

«ስለዚህ ስትበዪ አታውቂም ነበር» አለ።

«አላውቅም ነበር።»

«ብታውቂስ?»

«እበላ ነበር። ጋሼ፣ እናታችንን! እበላ ነበር። ያን ጊዜ ልጅ ነበርኩ።»

እውነቴን ነው። በሕይወቴ ከተናገርኩት ሁሉ ይህን ያህል እውነት የለም። ዓይን ዓይኔን አየኝ።

«ደምህ ጥሩ ነበር ስትዪኝም እንዲሁ ነበር ያየሽኝ» አለ።

አልተቆጣም፤ ቢቆጣ እግሩ ላይ እወድቅ ነበር። ጎንበስ ብሎ ሣጥኑን አነሳና ወደ ደረጃው ሄደ። መድኃኒቱን ብቻ፣ እኔን ተወኝ፣ መድኃኒቱን ብቻ አልኩ። ባለጉዳዮቹ ዞረው አዩኝ፤ እሱ አልዞረም። ሁለተኛው ፎቅ ላይ ሲያርፍ፣ የብረት ሣጥኑ ወለሉን ሲነካ ሰማሁ።

ያን ቀን ሊፍቱን ጠግኖ ወረደ። ስልክ ስደውል ያነሳል፤ ደህና ነኝ፣ አንቺስ፣ ይላል፣ እንደ ጎረቤት። በአሥራ አንደኛው ቀን ቀጣሪው ሲያጣው በሩን አስከፍቶ ገባ፤ አልጋው ጫፍ ላይ የአንድ እግሩን ጫማ ብቻ አድርጎ እንደተቀመጠ ሞቶ አገኘው። ዕቃውን የሰበሰብኩት እኔ ነኝ። አራቱ መድኃኒቶች መሳቢያው ውስጥ ከነእሽጋቸው ነበሩ። የቫይረሱን ክኒን ግን፣ ብልቃጡ ውስጥ የቀሩትን ብቆጥር፣ የዚያን ቀን ጠዋትም ውጧታል።